አንድ መኪና፣ ሦስት ባለመብት

ከሆለታ ወደ ሙገር ሲኬድ እንጭኒ ላይ ዐይን የሚገባው የጭነት መኪና ነው። የሙገር ፋብሪካም ሆነ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ዳንጎቴ የሚገኙት በዚሁ በአዳ በርጋ ወረዳ ስለሆነ ሲሚንቶ ጫኙ ብዙ ነው። ከእነዚህ መኪናዎች ውስጥ በብድር ያልተገዛው ስንቱ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እንዲህ እንበል። አንድ ባለ ሲኖትራክ ከነጋዴ ወዳጁ ገንዘብ ተበድሮ ሊብሬውን ይሰጠዋል፤ በእጅ የተጻፈች ውልም አለች። ቆይቶ «ሊብሬዬ ጠፋ» ብሎ ምትክ ያወጣና መኪናዋን ለባንክ ያስይዛል፤ ባንኩም ያስመዘግባል። በመጨረሻ ለሦስተኛ ሰው በውክልና ይሸጣታል። ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ሦስቱም «መኪናዋ የኔ ናት» ይላሉ።

ነጋዴው እኔ ቀድሜያለሁ ማለቱ አይቀርም። በጊዜ ቀድሟል፤ ግን ምን ያዘ? በፊቅህ የ«ረህን» ምዕራፍ አብዛኞቹ ዑለማ መያዣ የሚጸናው አበዳሪው ዕቃውን ሲረከብ ነው ይላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ለአንድ አይሁዳዊ በእህል ዱቤ ጥሩራቸውን ሲያስይዙ ጥሩሩ ሰውየው እጅ ገብቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ መያዣ ሲደነግግ መነሻው ርክክብ ነበር። ሲሚንቶ የምትጭን መኪና ግን አበዳሪ ግቢ ከቆመች ዕዳዋን ከምን ትከፍላለች? ሊብሬ የሚያዘውም ለዚህ ነው፤ ሊብሬ ግን ወረቀት እንጂ መኪና አይደለም።

ይህን ችግር የፈታው የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። ንብረቱ በባለዕዳው እጅ እየሠራ መብቱ በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ ይሰፍራል። ቅደም ተከተሉም በምዝገባ ነው፤ ውሉ መቼ ተፈረመ አይባልም። ስለዚህ ባንኩ ይቀድማል። ነጋዴው ተበዳሪውን በዕዳ ሊከሰው ይችላል፤ መኪናዋ ላይ ግን ባንኩን አይጋፋም። ፍርዱ ይከብደዋል፤ ሆኖም ባንኩ የነጋዴውን ወረቀት የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ገዢውስ? ውሉ ላይ «ከዕዳና ከእገዳ ነፃ» ተብሎ ተጽፎለታል። ይህች የተለመደች ሐረግ የሻጩ ቃል ብቻ ናት፤ ባንኩን አታስርም። ሻጩን ካሳ ይጠይቅባት ይሆናል፣ ሻጩ ከተገኘ። ውክልናውም ቢሆን ባለቤትነት አያስተላልፍም፤ ወካዩ ሲሞት በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል፤ ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር ሌላ ሙግት ይጀምራል።

ወለድ ሽሽት በሙራባሃ የሚገዙ ወንድሞችና እህቶች ይህ አይመለከተንም እንዳይሉ። ባንኩ ገዝቶ በትርፍ ሲሸጥላቸው ቀሪው ክፍያ ዕዳ ነው፤ መኪናዋም መያዣ ሆና ልትመዘገብ ትችላለች።

መኪና የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ቦታ ይጠይቅ፦ ሰሌዳውን የሰጠው ትራንስፖርት ቢሮ ዘንድ ዕግድ መኖሩን፣ በብሔራዊ ባንኩ መዝገብ ደግሞ የዋስትና መብት መኖሩን። ለወዳጁ የሚያበድርም ሊብሬውን ሣጥን ውስጥ ከመቆለፉ በፊት መብቱን ያስመዝግብ።