በጥቅምት አንድ ትሪ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረት የደጋ ሰው ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ያን ብርድ የሚችለው አንድ አጥንት የጋጠ ሰው ነው ይባላል። እኔ የምኖርበት የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ደጋ ባይባልም ተረቱ እዚህም ይሠራል። ቅጠሉ ቀልቶ የሚረግፈው በጥቅምት ነው። ጥቅምት ሳይወጣ ደግሞ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱና ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ጥልቅ ትላለች። ከሥራ ስትገቡ የሚቀበላችሁ ጨለማ፣ ብርድና የራበው ልጅ ነው።

አጥንቱ አይቸግርም፣ ሱቁ ሞልቷል። የሚቸግረው ጊዜው ነው። ዶሮ ወጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሽንኩርቱ ተከትፎ እስኪቁላላ ብቻ ማክሰኞ ማታ ያልቃል። ስለዚህ በሥራ ቀን የምሠራው ሌላ ነው፦ የዶሮ ታፋ፣ ዱባና ሽንኩርት በአንድ ትሪ፣ ኦቨን ውስጥ። የእጅ ሥራው 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ የቀረውን 40 ደቂቃ እሳቱ ይሠራል። ዶሮ ወጥ ነው ብዬ ግን አላታልላችሁም። ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ታዲያ ወጡ የታለ?» ነበር ያለችኝ። ወጡ ወደ መጨረሻው ላይ ይመጣል።

አንድ ትሪ ሲባል ሁሉንም ባንዴ ደፍቶ የኦቨኑን በር መዝጋት የሚመስለው ብዙ ነው። እኔም ለሁለት ዓመት እንዲያ አድርጌያለሁ። ጎመኑ ከሰል፣ በርበሬው መራራ፣ ዱባው ገንፎ ሆኖ ይወጣ ነበር። ትሪው አንድ ነው እንጂ የሚገቡበት ሰዓት አንድ አይደለም። ዶሮው፣ ዱባውና ሽንኩርቱ አብረው ይገባሉ፤ ጎመኑና የበርበሬው ግማሽ ኋላ ይደርሳሉ። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ለአራት ሰው እንዲህ ግዙ። አጥንትና ቆዳ ያለው የዶሮ ታፋ 6 ፍሬ፤ የደረት ሥጋ አትውሰዱ፣ ዱባው እስኪበስል እንደ ጥጥ ይደርቃል። በተርነት የሚባለው ዱባ፣ አንገቱ ረዘም ሆዱ ክብ ያለው፣ አንድ መካከለኛ፣ 2 ፓውንድ ወይም 900 ግራም ገደማ የሚመዝን። ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት 2። ነጭ ሽንኩርት 6 ፍሬ፣ ከነልጣጩ። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል። በርበሬ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ንጥር ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ። ሎሚ 1። ኬል 5 ቅጠል፤ ጎመንም ይሆናል፣ ግን ጠንከር ስለሚል በቀጭኑ ይከተፍ። ጨውና ትንሽ ኮረሪማ። እንጀራ 2፣ ቢቻል የትናንት።

ጨው ከማሰባችሁ በፊት በርበሬውን በጣት ጫፍ ቅመሱት። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ በርበሬ ብዙ ጊዜ ጨው ገብቶበት ነው የሚፈጨው፤ ከሱቅ የሚገዛው ደግሞ ያለውም የሌለውም አለ። ከዚህ በታች የምሰጠው ልክ ጨው ለሌለው በርበሬ ነው። ያለው ከሆነ ዶሮው ላይ የሚገባውን በግማሽ ቀንሱ።

እንግዲህ እንጀምር። ኮታችሁን ሳታወልቁ ኦቨኑን 425 ፋራናይት ላይ አድርጉት፤ በሴንቲግሬድ 220 ገደማ ነው። ትሪውን ባዶውን ውስጥ አስቀምጡትና አብሮ ይጋል። ዱባው የጋለ ብረት ላይ ሲያርፍ ወዲያው ይንጫጫል፣ ሥሩም ይቀላል፤ ቀዝቃዛ ትሪ ላይ ካረፈ ግን ውኃውን ይተፋና ይቀቀላል። ትሪው ብረት፣ ጠርዙም ዝቅ ያለ ይሁን። ጠርዘ ረጅም ከሆነ እንፋሎቱ ይታመቅበታል። 18 በ13 ኢንች፣ ማለትም 45 በ33 ሴንቲሜትር የሆነው ለዚህ ልክ ይበቃል። የመስታወት ዕቃ ግን አልመክርም። አንድ ማታ ከኦቨን በወጣ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሼ ለሁለት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን እራታችን ዳቦ በሻይ ሆነ።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ዱባውን መላጥ ነው። ሰዎች ይህን ምግብ አንዴ ሞክረው የሚተዉትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ዘዴው ይህ ነው፦ ዱባውን በሹካ ስምንት አሥር ቦታ ወግታችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ 3 ደቂቃ አስቀምጡት። ቆዳው ይለሰልሳል። ሲወጣ ስለሚያቃጥል በፎጣ ያዙት። ሁለቱን ጫፍ ቁረጡ፣ ከዚያ አንገቱን ከሆዱ ለዩት። እያንዳንዱን በተቆረጠው ጠፍጣፋ በኩል አቁማችሁ ከላይ ወደ ታች ላጡት፤ ክቡን ነገር አጋድሞ በቢላ መታገል ጣት ያስቆርጣል። ፍሬውን በማንኪያ አውጡና ሥጋውን አንድ ኢንች፣ ማለትም 2 ሴንቲሜትር ተኩል አድርጋችሁ ቁረጡ። ከዚያ ካነሰ ይፈርሳል። ተቆርጦ በላስቲክ የሚሸጠውን ብትገዙ አልፈርድባችሁም፤ ብቻ ብዙ ጊዜ ደቃቅና እርጥብ ስለሆነ በወረቀት ፎጣ አድርቁት፣ ትሪው ላይም ከዶሮው 10 ደቂቃ ዘግይቶ ይግባ።

ሽንኩርቱን ለወጥ እንደምናደርገው አታድቅቁት። ሥሩን ሳትቆርጡ እያንዳንዱን እንደ ብርቱካን ስምንት ቦታ ክፈሉት፤ ሥሩ ቅጠሎቹን አያይዞ ይይዛቸዋል። ደቆ የተከተፈ ሽንኩርት እዚህ እሳት ላይ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያርራል።

ወደ ዶሮው ስንመጣ አንድ የቤት ክርክር አለ። ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ያደግንበት ነው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ግን ጥሬ ዶሮ እንዳይታጠብ ይመክራል፤ የሚፈናጠቀው ውኃ ጀርሙን ማጠቢያውና አጠገቡ ያለው ዕቃ ላይ ይረጨዋልና። እኔ መሀሉን ይዣለሁ። ታፋዎቹን ሳህን ውስጥ እንዳሉ በግማሽ ሎሚና በትንሽ ጨው አሻለሁ፣ ቧንቧ አልከፍትም፣ ከዚያ በወረቀት ፎጣ ጥርግ አድርጌ አደርቃቸዋለሁ። ማድረቁን ችላ አትበሉ። እርጥብ ቆዳ ኦቨን ውስጥ ይቀቀላል እንጂ ኩርሽም አይልም።

አሁን ከበርበሬው 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከዘይቱ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የተፈገፈገውን ዝንጅብልና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ለውሱ። ጣታችሁን በቆዳውና በሥጋው መካከል አስገብታችሁ ቆዳውን ሳትገነጥሉ ላላ አድርጉትና ድልሁን ከሥሩ ቀቡ። ላዩን ዘይት ብቻ አስነኩት። ለምን እንዲህ ትላላችሁ? ቁሌት ላይ በርበሬ የማያርረው ሽንኩርቱና ጠብ እያደረግን የምንጨምረው ውኃ ስለሚጠብቁት ነው። እዚህ ውኃ የለም፤ 425 ፋራናይት ላይ 40 ደቂቃ ራቁቱን የቆየ በርበሬ ጠቁሮ ይመራል። ቆዳው ክዳን ይሆንለታል።

ለኬሉ ጥቂት ዘይት አስቀርታችሁ ዱባውንና ሽንኩርቱን በቀሪው ዘይትና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እሹ። ይህ የሚሆነው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነው፤ አንድ ትሪ ብዬ ሳህኒቱን መደበቅ አልችልም፣ እሷም ትታጠባለች። የጋለውን ትሪ አውጡና ዘርግፉበት፣ በአንድ ረድፍ ዘርጉት። ነጭ ሽንኩርቱን ከሥር ወሽቁ። ታፋዎቹን ቆዳቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ በመካከሉ ደርድሩ፤ እርስ በርስ አይነካኩ። ወደ ኦቨን፣ 30 ደቂቃ።

ይህ ግማሽ ሰዓት የእናንተ ነው። ልብስ ይቀየራል፣ የልጅ የቤት ሥራ ይታያል። ብቻ ከማለቁ በፊት ንጥር ቅቤውን አቅልጡና የቀረውን በርበሬና ቁንጥር ኮረሪማ ጨምሩበት። ኬሉን ከግንዱ ገንጥላችሁ በጥቂት ዘይት እሹት።

30 ደቂቃው ሲሞላ ትሪውን አውጡ። ዱባውን ገልብጡት፣ የቀለጠውን ቅቤና በርበሬ በማንኪያ ጀርባ ቆዳው ላይ ቀቡ፣ ኬሉን በዱባው ላይ በትኑና ለ10 ደቂቃ መልሱት። ቤቱ የፋሲካ ሽታ ሲሸት ደርሷል ማለት ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ዶሮ በሽታ አይለካም። ቴርሞሜትር ወፍራሙ ቦታ ላይ አጥንት ሳትነኩ ስኩ። ከ165 ፋራናይት ወይም 74 ሴንቲግሬድ በታች አይበላም። ታፋ ግን እዚያ ላይ ገና ይጎተታል፤ እኔ 180 እስኪደርስ እተወዋለሁ፣ ያኔ ከአጥንቱ ይላቀቃል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ግዙ፤ ዋጋው ከአንድ እራት አይበልጥም።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ። ዶሮውን ወደ ሳህን አንሡ። ትሪው ላይ የቀረው ከዶሮው የወረደ ስብ፣ የቀላ ሽንኩርት፣ ከዳር የተጣበቀ በርበሬ ነው። ይህን አጥቦ የሚደፋ ሰው እራቱን ግማሹን ደፋ። ግማሽ ኩባያ ሙቅ ውኃ አፍስሱበት፣ የቀረውን ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከልጣጩ አውጥታችሁ ጨፍልቁትና በእንጨት ማንኪያ ሥሩን ፋቁ። ሁለቱን እንጀራ ቆራርሳችሁ ጨምሩ፣ አገላብጡ፣ ለ2 ደቂቃ ወደ ኦቨን መልሱ። የትናንት እንጀራ የተሻለ የሚሆነው መረቁን ጠጥቶ ሳይላሽቅ ስለሚቆም ነው። ዶሮውን ላዩ ላይ መልሱና ትሪውን እንዳለ ጠረጴዛ መሀል አቅርቡት፤ ከሥሩ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ። ዱባው ይጣፍጣል፣ በርበሬው ያቃጥላል፣ ሎሚው ሁለቱን ያስታርቃል።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት በዶሮው ፈንታ ሁለት ቆርቆሮ የተቀቀለ ሽምብራ ይክፈት። ውኃውን አንጠፍጥፋችሁ ሽምብራውን በፎጣ አድርቁትና ከዱባውና ከሽንኩርቱ ጋር 20 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በርበሬውን በቅቤ ፈንታ በዘይት ለውሳችሁ ከኬሉ ጋር ጨምሩና 10 ደቂቃ ይበቃዋል። መረቁ ትንሽ ስለሚሆን ሲገባ አንድ ቲማቲም ለአራት ከፍላችሁ አብራችሁ አስገቡ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ይህኛው በሳምንት ሁለቴ ይሠራል።

ኦቨን የሌለው፣ አገር ቤት ያለ አንባቢ ክዳን ባለው ሰፊ ብረት ድስት ይሞክረው። ታፋውን ቆዳውን ወደ ታች አድርጎ በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ ይጥበስ፣ ይገልብጥ፣ ሽንኩርቱንና ዱባውን በዙሪያው ያድርግ፣ ግማሽ ኩባያ ውኃ ጨምሮ ይክደንና 25 ደቂቃ ይጠብቅ። ቆዳው እንደ ኦቨኑ አይሆንም፣ መረቁ ግን ይበልጣል። ይህ ሁሉ የተለካው ለፈረንጅ ዶሮ ነው። የሐበሻ ዶሮ በዚህ ሰዓት አይበገርም፤ እሱን ለእሑድ ወጥ ተዉት።

የተረፈው ዶሮና ዱባ ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል። ዱባው በማግስቱ ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ሲቀጥን ሾርባ ይወጣዋል። ፍርፍሩ ግን አያድርም፤ ማታውኑ ጨርሱት።