በነፋስ በተሞላ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ትልቅ ዓሣ ስለ ማጥመድ፤ ለጅግጅጋና በሰሜን ሶማሌ ላሉት ከተሞች ሹማምንት የተጻፈ ትምህርት

በጅግጅጋ ስለ ዓሣ ማጥመድ መጻፍ ለብዙ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። በካራማራ ተራራ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የሚያየው ሜዳና ግጦሽ ነው እንጂ ሐይቅ አይደለም። ጀረርና ፋፈን ዝናም ሲጥል ይሞላሉ፤ ዝናሙ ሲያባራ ደግሞ አሸዋቸው ይታያል። በአውበሬ፣ በቶጎ ውጫሌና በቀብሪ በያህ አገር ያለው አርብቶ አደር በብርካና በኩሬ ያጠራቀመውን የዝናም ውኃ ከከብቱ ጋራ ተካፍሎ የሚጠጣ ነው። ነገር ግን ኩሬ በተቆፈረበትና ግድብ በተሠራበት ስፍራ ሁሉ «ዓሣ ብንጨምርበትስ» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጐልማሶችም ከጎሚስታ ቤት ያገኙትን አሮጌ የመኪና ላስቲክ ነፍተው ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ከዚህም በላይ ዛሬ በጅግጅጋ የተሾመ ሰው ነገ ወደ ጎዴ ወይም ወደ ቀላፎ ይዛወር ይሆናል፤ በዚያም የዋቢ ሸበሌ ውኃ ትልቅ ዓሣም አዞም ያለበት ነው። በኩሬ የሚፈቀደውንና በወንዝ የሚከለከለውን ያልለየ ሹም ሰው ያስበላል።

በነፋስ በተሞላ ነገር ውኃ ላይ መንሳፈፍ አዲስ ብልሃት አይደለም። በነምሩድ የተገኘው የአሦር ነገሥታት የድንጋይ ቅርጽ ወታደሮች የተነፋ አቁማዳ ታቅፈው ወንዝ ሲሻገሩ ያሳያል፤ ይህም ከጌታ ልደት በፊት በዘጠነኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ነው። በአገራችንም ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ዓባይን በተነፋ አቁማዳ እየተረዱ የተሻገሩ መንገደኞች ብዙ ናቸው። በጣና ዳር ያሉ ሰዎች ግን ታንኳቸውን ከደንገል ይሠራሉ፤ ደንገሉም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ አውጥተው ፀሓይ ላይ ያደርቁታል። በውጭ አገር ዛሬ ለዓሣ አጥማጅ የሚሸጠው ላስቲክ በመካከሉ መቀመጫ ያለው ነው። ሰውየው እስከ ወገቡ ከውኃው በላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ በእግሩም እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ የላስቲክ ጫማ አጥልቆ ወደ ኋላ እየቀዘፈ ይሄዳል። ጥቅሙ ዋጋው ከጀልባ ማነሱ፣ በአንድ ሰው ትከሻ መሸከሙ፣ ድምፅም ስለሌለው ዓሣውን አለማስደንገጡ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከዚያው ከጥቅሙ ይወጣል፤ የሰውየው እግር በውኃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ይታያልና።

አሁን ስለ ዓሣው እንናገር። ሌላውን ዓሣ አሳድደው ከሚበሉት ከአገራችን ዓሦች መካከል በትልቅነቱ የታወቀው ናይል ፐርች ነው፤ በዓባያ፣ በጫሞ፣ በኦሞና በባሮ ይገኛል፤ ያደገው ከመቶ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ለምሥራቁ አገር የሚስማማው ግን እርሱ ሳይሆን አምባዛ ነው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ በአፉ ዙሪያ እንደ ድመት ጢም ያለው፣ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ዓሣ ነው፤ በዋቢ ሸበሌም ይኖራል። ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሌላው ዓሣ የሚለይበት ነገር ከስንጥቡ በላይ ነፋስ የሚተነፍስበት ብልት ስላለው ነው፤ ስለዚህ ውኃው ጐድሎ በደፈረሰ ጊዜ ሌላው ዓሣ ሲሞት እርሱ ወደ ላይ እየወጣ ነፋስ ይስባል፤ በእርጥብ ሣር ላይም እየተሳበ ከአንድ ኩሬ ወደ ሌላው ሲሻገር ይታያል። በክንፉ ሥር ያለው እሾህ ግን እጅ ይወጋልና ከራሱ በኋላ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሹም በቅን ልብ ተነሥቶ «ትልቁን ዓሣ አምጥተን በኩሬያችን እንጨምር» ይል ይሆናል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናይል ፐርች ወደ ቪክቶርያ ሐይቅ ከገባ በኋላ በዚያ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ትናንሽ ዓሦች በመቶ የሚቈጠሩ ዓይነቶች ጠፍተዋል ወይም ከመጥፋት አፋፍ ደርሰዋል። የኩሬ ውኃ በጐርፍ ጊዜ ወደ ፋፈን፣ ከፋፈንም በብዙ ሙላት ጊዜ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። በኩሬ የጨመርነው ዓሣ በኩሬ ይቀራል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። ሹሙ አስቀድሞ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን ያንብብ፤ ከዚያም የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቅ።

ኩሬው ለዓሣ ይበጃል አይበጅም የሚለውን የሚያስረዳው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም፤ በጅላል ደረቅ ወራት ስንት ጊዜ ይቈያል የሚለው ነው። የሐረማያ ሐይቅ ስንት ዘመን ጀልባ ሲንሳፈፍበት ከኖረ በኋላ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መሬቱ ተሰነጣጥቆ ታይቷል፤ ውኃው የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ሐይቅ እንዲህ ከሆነ ኩሬማ ምን ይባላል! ሰውና ከብት ከሚጠጡት ብርካ ውስጥ ዓሣ መጨመርም ሆነ በላስቲክ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት፤ ለመጠጥ የተጠራቀመ ውኃ መጫወቻ አይደለምና።

በሚበጅ ኩሬ ላይ ግን እንዲህ ይደረግ። ላስቲኩ የከባድ መኪና የሆነ እንደ ሆነ አስቀድሞ በውኃ ውስጥ ነክሮ ነፋስ የሚያወጣበትን ቀዳዳ መፈለግና መለጠፍ ነው። ነፋስ መሙያው ብረት ሥጋ ይቧጥጣልና በጨርቅ ይጠቅለል። በቀትር ፀሓይ እስኪወጠር መንፋት ስሕተት ነው፤ ነፋሱ በሙቀት ሰፍቶ ላስቲኩን ሊያፈነዳው ይችላል፤ እንደዚሁም በሙቀት የተወጠረው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ ይላላል። ስለዚህ በጥላ ይነፋ፤ ውኃ ነክቶ ከቀዘቀዘም በኋላ ይጨመርበት። አንድ ላስቲክ ብቻ ሕይወት አይታመንበትም፤ ሰውየው ሌላ ተንሳፋፊ ሰደርያ ይልበስ፤ በዳርም ረጅም ገመድ የያዘ ጓደኛ ይቁም። በሜዳው አገር ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ላስቲኩን እየገፋ ወደ መካከል ይወስደዋልና ማለዳ ወይም ወደ ማታ መግባት ይሻላል፤ አምባዛም ምግቡን አብዝቶ የሚፈልገው ሲጨልም ስለ ሆነ የማታው ሰዓት ይስማማል፤ ጨለማ ሳይበረታ ግን መውጣት ግድ ነው።

መንጠቆው ጠንካራ ይሁን፤ በላዩ የትንሽ ዓሣ ወይም የሥጋ ቁራጭ ተሰክቶ እስከ ጭቃው ይውረድ። ሲባጎውን በእጅ አንጓ ወይም በወገብ ማሰር ሞትን መጥራት ነው። ዐሥር ኪሎ የሚመዝን አምባዛ ላስቲኩን ከነሰውየው ይጐትተዋል፤ ያን ጊዜ መልቀቅ የሚችል እጅ ያስፈልጋል። ዓሣው እስኪደክም መታገሥ፣ ከዚያም ወደ ዳር ቀዝፎ በደረቅ መሬት ላይ ማውጣት ነው እንጂ እሾሃምና የሚንፈራገጥ ዓሣ በላስቲክ ላይ አይጫንም።

የጉ ዝናም በጀመረበት ሳምንት አምባዛ እንቁላሉን ሊጥል በጐርፍ ወደ ተሸፈነው ሣር ይወጣል። በዚያ ጊዜ በጦርና በዱላ መምታት ቀላል ነው፤ የሚጠፋው ግን የከርሞው ዘር ነው፤ ሹሙ ይከልክል። በዚሁ ወራት ደግሞ ሰማዩ በራስ ላይ ጠርቶ ሳለ ከደጋ የወረደ ጐርፍ ድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደጫቱ ወንዝ በሌሊት ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከሁለት መቶ በላይ ሰው መግደሉን የሚያስታውስ ሰው ማንንም በፋፈን ወይም በጀረር አሸዋ ላይ ላስቲክ ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም። በዋቢ ሸበሌ፣ በጫሞና በባሮ፣ አዞና ጉማሬ በሚኖሩበት ውኃ ሁሉ፣ የላስቲኩ ነገር ጨርሶ አይነሣ፤ በጫሞ «የአዞ ገበያ» የተባለው ስፍራ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በዚያ የሚጠመደው ከዳር በመንጠቆ ወይም ከጠንካራ ጀልባ በመረብ ነው። አዞ በሌለበት በቆመ ውኃ ደግሞ የብልሃርዝያ በሽታ ይፈራል፤ ቀንድ አውጣ በበዛበት ዳር እግሩን የነከረ ሰው በሐኪም ይመርመር።

ስለ መብሉም አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። በኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ ርኩስ ስለ ተባለ አምባዛን የማይበሉ ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው፤ የሶማሌ ሕዝብ የሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ግን ዓሣን ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ በወተትና በሥጋ ያደገ አርብቶ አደር ሃይማኖቱ ባይከለክለውም ዓሣ አይወድ ይሆናል። ሹሙ ይህን ሳይጠይቅ የመንደሩን ኩሬ በአምባዛ ቢሞላ የሚበላለት ያጣል። ለዓሣ አዲስ የሆነ ሰው ቆሮሶን ይቀበላል፤ በቆሮሶ ኩሬ ውስጥ ጥቂት አምባዛ ቢጨመር ከመጠን በላይ የሚፈለፈለውን ጫጩት እየበላ የቀረው እንዲፋፋ ያደርጋል። የተያዘው ዓሣ በቆላው ሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ እዚያው በዳሩ ሆዱ ይከፈት፤ በጥላ ይዋል፤ ለማግሥቱ የሚቀመጠው ተሰንጥቆ ጨው ይነስነስበት። የሆድ ዕቃው ወደ ውኃው አይጣል፤ ራቅ ብሎ ይቀበር።