የፈረስና የሰው ፕላትሌት፦ ሥራው አንድ፣ ቀስቃሹ ግን ለየቅል

እኛ እዚህ ንፋስ ስልክ ላፍቶ በቤተ ሙከራ የምንለማመደው በሰው ደም ነው። ብዙም ሳንርቅ፣ ቢሾፍቱ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ግን የፈረስ ደምም ይመረመራል። ታዲያ የሰውን ሰንጠረዥ ይዘን የፈረስን ውጤት ማንበብ እንችላለን? አንችልም። ምክንያቱን እንይ።

ፕላትሌት (ደም አርጊ ሕዋስ) በሁለቱም ሥራው አንድ ነው፤ የደም ሥር ሲቀደድ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቁጥሩ ግን ይለያያል። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ይኖረዋል። የፈረስ ዝቅተኛ ወሰን ወደ 100,000 ገደማ ይወርዳል። በስላይድ ላይም የፈረሱ ፕላትሌት ቀለም አይዝም፤ ደብዘዝ ስለሚል ለዓይን ያስቸግራል።

ዋናው ልዩነት ያለው ቀስቃሹ ላይ ነው። ጉስታቭ ቦርን እ.ኤ.አ. በ1962 ባስተዋወቀው ዘዴ ፕላትሌት በበዛበት ፕላዝማ ውስጥ ብርሃን ይላካል፤ ፕላትሌቱ ሲጣበቅ ፈሳሹ ይጠራል፣ ብርሃኑም በብዛት ያልፋል። በዚህ ዘዴ አድሬናሊን ብቻውን የሰውን ፕላትሌት ያጣብቃል፤ የፈረስን ግን ብቻውን አያጣብቅም። ኤዲፒና ኮላጅን ሁለቱንም ይቀሰቅሳሉ። ፒኤኤፍ የተባለው ንጥረ ነገር ደግሞ የፈረሱን በጣም ያስነሳዋል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የአስፕሪን ጉዳይ የሚመጣው። አስፕሪን ትሮምቦክሴን እንዳይሠራ ይከለክላል። ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው የተዘጋውን ኢንዛይም መተካት አይችልም። በሰው ላይ ይህ የመርጋት አደጋን ይቀንሳል። በፈረስም ትሮምቦክሴኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፕላትሌቱ በኤዲፒና በፒኤኤፍ መንገድ መጣበቁን ሊቀጥል ይችላል። «ለሰው ከሠራ ለፈረስም ይሠራል» ማለት እንግዲህ አያዋጣም። የኤዲፒን መቀበያ የሚዘጋው ክሎፒዶግሬል ግን በፈረስም ላይ ተሞክሮ በኤዲፒ የሚመጣውን መጣበቅ ቀንሷል።

ለላብራቶሪ ሰው አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። በኢዲቲኤ ቱቦ የተቀዳ ደም፣ የሰውም ሆነ የፈረስ፣ አንዳንዴ ፕላትሌቱ ቱቦው ውስጥ ይጓጉላል። ማሽኑ ጓሉን እንደ ፕላትሌት ስለማይቆጥረው ውጤቱ በሐሰት ይወርዳል። በሀገራችን ያለው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ደግሞ ፕላትሌትን በእውነት ያወርዳል። ሁለቱን ማምታታት ትልቅ ጥፋት ነው! ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ሲል መጀመሪያ ስላይዱን ማየት፤ ጓል ካለ በሲትሬት ቱቦ እንደገና መቅዳትና ውጤቱን በ1.1 ማባዛት ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ እጅ ደም በአንድ እጅ ሲትሬት ስለሚቀጥን ነው።

የባለ ጋሪ ቤተሰብ እንጀራ በፈረሱ ጉልበት ላይ ነው። ትክክለኛ ቁጥርና ለፈረስ የተፈተነ መድኃኒት ያንን እንጀራ ያተርፋሉ።