ፔሊካኖቹ ለምን ሄዱ?

(የንባብ ትምህርት። አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌሎች ያዳምጡ። በመጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች በቡድን ተወያዩባቸው።)



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ወፎች ነው። «ገበሬ ስለ ወፍ ምን አገባው? ወፍ ማየት ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እሱ እንዳይቸኩል፤ መጀመሪያ ያንብብ፣ ከዚያ ይፍረድ።

ለመሆኑ ከመካከላችን በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ የወፍ ጎጆ ለማየት ግራር ላይ ያልወጣ ማን አለ? እሱ ወፍ ሲያይ ከብቱ ማሳ ገብቶበት የተገረፈስ ስንት ነው? ማር መሪ የምትባለዋን ወፍ ጩኸት ተከትሎ ማር ያገኘም አይጠፋም። በሬውን በመልኩ ዳለቻ፣ ቦራ እያለ የማይጠራ አራሽ የለም። እንግዲህ እንስሳን መውደድ፣ አውሬንና ወፍን ቆሞ በመገረም ማየት ከከተማ የመጣ ነገር አይደለም። ከድሮም አብሮን የኖረ ነው።

ማየት ጥሩ ነው። ያዩትን ነገር «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ፔሊካኖቹ ለምን ሄዱ?

ሐይቆቹ እንዴት ይገናኛሉ?

ከአዳማ ተነሥታችሁ በሞጆ በኩል ወደ ሻሸመኔ ብትሄዱ መጀመሪያ የቆቃን ሐይቅ ታገኛላችሁ። ቆቃ ሰው የሠራው ሐይቅ ነው። የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ፣ ግድቡም እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቆ የተጠራቀመ ውሃ ነው። መቂን ካለፋችሁ በኋላ ግን የምታዩአቸው ሐይቆች ተፈጥሮ የሠራቻቸው ናቸው። በስተግራ ዝዋይ አለ፤ በኦሮምኛ ደምበል ይባላል። በዳርቻው ያለው ከተማ ዛሬ ባቱ ይባላል። ከዚያ ወደ ደቡብ ስትወርዱ በግራ ላንጋኖ፣ በቀኝ አብያታ፣ ከአብያታ ቀጥሎ ሻላ ይገኛሉ። አብያታና ሻላ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። የፓርኩ ስፋት 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚህ ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው።

ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት እነዚህ አራት ሐይቆች አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ሲቀንስ ጊዜ አራት ቦታ ተከፈሉ። ተከፋፈሉ እንጂ ዝምድናቸው አልተቋረጠም።

ዝምድናቸው እንዲህ ነው። የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች፣ የከታር ወንዝ ከአርሲ ተራሮች እየወረዱ ወደ ዝዋይ ይገባሉ። ከዝዋይ ደግሞ የቡልቡላ ወንዝ ይወጣል። ዝዋይ ከአብያታ ወደ 60 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ቡልቡላ ቁልቁል ወርዶ አብያታ ይገባል። ከላንጋኖም ሆራ ቀሎ የሚባል ውሃ ወደ አብያታ ይወርዳል። ከአብያታ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃውን የምትወስደው ፀሐይ ብቻ ናት፤ በትነት ይሄዳል።

ይህን ልብ በሉ። ጨው የገባበትን ውሃ ድስት ላይ ጥዳችሁ ብታፈሉት ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ጨው ግን ድስቱ ውስጥ ይቀራል። አብያታም እንደዚያ ድስት ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨውና ቦጁ ይቀራል። ዝዋይ ደግሞ ውሃው የሚጠጣው ለምንድን ነው? መውጫ ስላለው ነው። ቡልቡላ ውሃውን ይዞ ሲወጣ ጨውንም አብሮ ያወጣለታል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለስበታለን።

የፔሊካን ኑሮ

ፔሊካን ትልቅ ነጭ የውሃ ወፍ ነው። ክብደቱ ወደ 10 ኪሎ ይደርሳል። ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ አለ። ከታችኛው መንቁሩ ሥር እንደ ከረጢት የሚለጠጥ ቆዳ አለው። በዚያ ከረጢት ውሃውን ከነዓሣው ይዝቅና ውሃውን አፍስሶ ዓሣውን ይውጣል።

በሻላ ሐይቅ ውስጥ ትንሽ ደሴት አለች። በሺህ የሚቆጠሩ ፔሊካኖች በዚያች ደሴት ላይ ተሰብስበው ይፈለፍሉ ነበር። በአፍሪካ ከታወቁት ዋና ዋና የፔሊካን መራቢያዎች አንዷ ነበረች። ደሴቷን የመረጡት በብልሃት ነው። ሻላ 266 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ ጅብና ቀበሮ ተሻግረው እንቁላል አይበሉም።

ነገር ግን በሻላ ውሃ ውስጥ ፔሊካንን የሚያጠግብ ዓሣ የለም። ታዲያ ምን ይበሉ ነበር? በየቀኑ ከሻላ ተነሥተው፣ በመካከል ያለውን ኮረብታ ተሻግረው አብያታ ይሄዱ ነበር። አብያታ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቀረሶ ሞልቶበት ነበር። ቤታቸው ሻላ፣ ገበያቸው አብያታ ማለት ነው።

ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ ሁለት ሰዎች የእነዚህን ወፎች አኗኗር ሻላ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል። ብራውን በሙያው የእርሻ ሰው ነበር፤ በኬንያ በእርሻ ሥራ ኖሯል። የወፍ ነገር የገበሬ ጉዳይ አይደለም ለሚል አንድ መልስ ይኸው ነው።

ፔሊካኖቹ በማለዳ አይነሡም ነበር። ለምን መሰላችሁ? ከባድ ወፍ ኮረብታ ለመሻገር ክንፉን ብቻ ቢያርገበግብ ይደክማል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ይጠብቃል። መሬቱ ሲሞቅ ከላዩ ያለው አየርም ይሞቅና ወደ ላይ ይወጣል፤ የምድጃ ጭስ ወደ ላይ እንደሚወጣ ማለት ነው። ረፋዱ ላይ ፔሊካኖቹ በዚያ ሙቅ አየር ላይ ተጭነው እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ሳይደክሙ ወደ አብያታ ይንሸራተታሉ። በሺህ የሚቆጠር ነጭ ወፍ በሰማይ ሲዞር ማየት ምን ያህል ያስደንቅ እንደነበር ገምቱ!

እንቁላሏን አምስት ሳምንት ያህል እናትና አባት በተራ ይታቀፋሉ። ጫጩቷ ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ይፈጅባታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓሣ ከአብያታ መመላለስ አለበት። ገበያው አንድ ወቅት ከተዘጋ ጫጩቷ ትሞታለች።

ውሃው ሲጎድል

ገበያው ተዘጋ። አብያታ ባለፉት 50 ዓመታት ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል። ድሮ ውሃ የነበረበት ቦታ ዛሬ ነጭ የደረቀ ጭቃ ሆኗል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ወደ ዝዋይ ከሚገቡት ወንዞች፣ ከራሱ ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ። ሰፋፊ እርሻዎች መጡ፤ የአበባ እርሻዎች ተከተሉ። ትንንሽ ገበሬዎችም ለሽንኩርትና ለቲማቲም ፓምፕ ተከሉ። በአብያታ ዳር የተቋቋመ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ውሃ እየሳበ በገንዳ ላይ ያተን ነበር። ዝናብ ያጠረባቸው ዓመታትም አሉ። ቡልቡላ በበጋ እየቀጠነ መጣ።

የሚገባው ውሃ ሲያንስ የሚተነው ግን አላነሰም። በድስቱ ውስጥ ያለው ጨው በረታ። ቀረሶው አልቻለም፤ አለቀ። ዓሣ ሲያልቅ ፔሊካኖቹ ሄዱ። ዛሬ ፔሊካን ማየት የሚፈልግ ሰው ዝዋይ ዳር፣ ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣ በሚያጸዱበት ቦታ ከአባ ኮዳ ጋር ተሰልፎ ፍርፋሪ ሲጠብቅ ያገኘዋል።

«በአብያታ ግን ዛሬም ቀይ ወፍ አለ» የሚል ትክክል ነው። እሱ ፍላሚንጎ ይባላል። ፍላሚንጎ ፔሊካን የሚበላውን ዓሣ አይበላም። ትንሹ ዓይነት በጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር በመንቁሩ እያጠለለ ይበላል። ስለዚህ አንዱን ያባረረ ጨው ሌላውን ያቆየዋል። ሐይቁ ጨርሶ ከደረቀ ግን ፍላሚንጎም አይተርፍም።

ታዲያ ይህ ለገበሬ ምኑ ነው?

ወደ ድስቱ እንመለስ። ዝዋይ የሚጠጣ ውሃ የሆነው ቡልቡላ ጨውን ስለሚያወጣለት ነው ብለናል። ቡልቡላ ቢቆምስ? ያን ጊዜ ዝዋይም መውጫ የሌለው ድስት ይሆናል። ጨው እየተጠራቀመ ይሄዳል። የባቱ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ይህን ውሃ ነው። ገበሬው ሽንኩርት የሚያጠጣው በዚህ ውሃ ነው። ጨዋማ ውሃ የጠጣ መሬት ደግሞ ላዩ ነጭ ይሆናል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ ውሎ አድሮ ዘር አያበቅልም።

«ወደ አብያታ የሚወርደው ውሃ ለወፍ የሚባክን ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ያ ውሃ ወደ ታች ሲወርድ የማሳችንን ጨው ተሸክሞልን ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ በቡልቡላ ዳር ያለውን ከብት ያጠጣል፤ ከዚያ ለወፉ ይደርሳል። ወፉ ሲሄድ መጀመሪያ ያየነው ምልክት ነበር። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ይባላል፤ አገሩ ሲደርቅ ደግሞ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ወፍ ሁሉ ለገበሬ ወዳጅ ነው አንልም። ግሪሳ ማሽላና ጤፍ ላይ ሲሰፍር ዓመት የተለፋበትን ይፈጃል፤ ገበሬው ቢያባርረው እውነት አለው። ግን ጠላትንና ወዳጅን መለየት ያስፈልጋል። በየሜዳው መርዝ መጣል ጅብ ለመግደል ቢታሰብም ጥንብ አንሳውን ይፈጃል። ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ደግሞ የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ይሰነብታል።

ሂሳብ እንሥራ

አንድ ፓምፕ በሴኮንድ 10 ሊትር ይስባል እንበል። ይህ ለትምህርት እንዲመች የወሰድነው ቁጥር ነው።

በደቂቃ፦ 10 × 60 = 600 ሊትር።
በሰዓት፦ 600 × 60 = 36,000 ሊትር።
በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ፦ 36,000 × 6 = 216,000 ሊትር።

በ20 ሊትር ጀሪካን ሲካፈል 10,800 ጀሪካን ይሆናል። ይህ ያንድ ፓምፕ ያንድ ቀን ነው። የ100 ፓምፕ ስንት ነው? ደብተራችሁ ላይ ሥሩት።

ምን እናድርግ?

መስኖ ይቁም አንልም፤ ልጆቻችን የሚበሉት ከዚያ ነው። ግን ውሃን መቆጠብ ይቻላል።

1ኛ፣ በቀትር አታጠጡ። ማለዳ ወይም ማታ የተጠጣ ማሳ ብዙ ውሃ አይተንበትም።

2ኛ፣ ቦዩን ጠግኑ። ውሃ የሚያሰርግ ቦይ ከማሳው በፊት ግማሽ መንገድ ላይ ይጠጣል።

3ኛ፣ በአትክልቱ ሥር ገለባ አንጥፉ። እርጥበቱን ይይዛል።

4ኛ፣ በአንድ ቦይ ወይም በአንድ ወንዝ የምትጠቀሙ ተሰብስባችሁ ተራ አውጡ። ሁሉም ፓምፕ በአንድ ቀን ከተነሣ ከታች ያለው ጎረቤት ደረቅ አሸዋ ይደርሰዋል።

5ኛ፣ እስከ ሐይቁ ከንፈር አትረሱ። በዳር ያለውን ደንገልና ቄጠማ ተዉት። ደለል ያቆማል፤ ዓሣ ይራባበታል፤ ወፍ ይፈለፍልበታል።

6ኛ፣ የፀረ ተባይ ዕቃ ወንዝ ውስጥ አትጠቡ።

ትንንሽ ገበሬዎች ብቻ ቢቆጥቡ አይበቃም። ትልልቆቹ እርሻዎችም ስንት እንደሚስቡ መለካትና መታወቅ አለበት። ይህን በስብሰባችሁ ላይ አንስታችሁ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቁ፤ ሐይቁ የናንተም ነውና።

የቃላት ፍች

ትነት፦ ውሃ በሙቀት እንደ እንፋሎት ሆኖ ወደ አየር መሄዱ።
ሶዳ አሽ፦ ከቦጅ ውሃ የሚወጣ፣ ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ የሚያገለግል ነጭ ዱቄት።
ደለል፦ ጎርፍ ጠርጎ የሚያመጣው አፈር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አብያታ ጨዋማ ሲሆን ዝዋይ ያልሆነው ለምንድን ነው?
2. ፔሊካኖቹ እስከ ረፋድ የሚጠብቁት ለምን ነበር?
3. አንድ ፔሊካን በቀን 1 ኪሎ ዓሣ ቢበላ፣ 1,000 ፔሊካኖች በቀን ስንት ኩንታል ይበላሉ?
4. በአካባቢያችሁ ድሮ ይታይ የነበረ፣ ዛሬ ግን የጠፋ ወፍ ወይም አውሬ የትኛው ነው? ሽማግሌዎችን ጠይቁና ስሙን ጻፉ። መቼ እንደጠፋ፣ ያን ጊዜ ውሃው ወይም ዛፉ ምን ሆኖ እንደነበረም ጨምራችሁ ጻፉ።