ተመራቂ ያለበት ቤት

ሸክላ ሠሪ እናት በገበያ ዋዜማ እንዴት እንደምትዋከብ የሶዶና የአካባቢዋ ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ ልጇ ትምህርት የሚጨርስበት ሳምንት ሲሆንስ? ዛሬ የምናነበው በጎንደር አካባቢ፣ በወለቃና በአምቦበር ይኖሩ ስለነበሩት ቤተ እስራኤል ነው።

ቤተ እስራኤል የአይሁድን እምነት የያዙ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፣ ያርሳል። ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ጎረቤቱ ማረሻውንና ድስቱን ይገዛቸዋል፤ መለስ ብሎ ደግሞ «ቡዳ ናቸው» ይላቸው ነበር። በወላይታም ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ይህ ዓይነቱ ንቀት ደርሶበታል። በሰው እጅ ሥራ እየበሉ ሠሪውን መናቅ ምን የሚሉት ነገር ነው?

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ልጁ የሚመረቅበት የወላጆች በዓል እሑድ ነው እንበል። ሌላው ጎረቤት ቅዳሜን ሲዘጋጅ ይውላል። እነዚህ ግን አይችሉም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ አይጋገርም፣ ውኃ አይቀዳም፣ አይሸጥም። እንግዲህ ሥራው ሁሉ ዓርብ ላይ ተቆለለ ማለት ነው። እናት የሰንበቱን ዳቦ ትጋግራለች፣ የልጁን ልብስ ታጥባለች፣ የእሑዱን እንግዳ ታስባለች። አባት የሰው ማረሻ በእጁ አለ፤ ሰንበት ሳይገባ ማስረከብ አለበት። ገበያው ቅዳሜ ከዋለማ የሳምንቱ ሽያጭ ቀረ። ጎንደር ውስጥ ገበያው ራሱ ስሙ ቅዳሜ ገበያ ነው!

ድሮ ለአባት ወናፉን የሚያናፋለት ይኸው ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ታናሽ እህቱ ተተካች። የእሷ ትምህርትስ? በምረቃ ቀን ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም።

ከዚህ ማኅበረሰብ ተምሮ የተመለሰ ሰው ዋጋው ትልቅ ነበር። ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1904 መጥቶ ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወሰደ። አንዱ ታምራት አማኑኤል ኋላ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መራ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ 12 ወጣቶች እስራኤል አገር ወደሚገኘው ክፋር ባትያ ተላኩ። ከእነሱና ከተከታዮቻቸው መካከል ተመልሰው በየመንደሩ ያስተማሩ አሉ።

በኋላ ሕዝቡ ራሱ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ሰው ወጣ፤ በመንገድ ላይ ያለቀውም ብዙ ነው። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተጓጓዘ።

እዚያ ደግሞ ሩጫው መልኩን ቀየረ። ወናፉ ቀርቶ የፋብሪካና የጽዳት ሥራ መጣ። ተመራቂው 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ ውትድርና ይጠብቀዋል። በአማርኛ ያደጉ ወላጆች ዕብራይስጥ ማንበብ ስላቃታቸው፣ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው ልጁ ሆነ። ልጁ አጥፍቶ ወላጅ ሲጠራም አንባቢው እሱው ነው! ልክ አንብቦ እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ለዚህ ነው አንዳንዱ አባት ከሥራ ደክሞ ገብቶም ማታ ደብተሩን ይዞ አዲሱን ፊደል ለመቁጠር የወጣው።

ለመወያያ፦
በቀበሌያችሁ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ የእሱን ሥራ የሚተካው ማን ነው? ከትምህርት ቤት የሚላክላችሁን ወረቀት የሚያነበውስ?