የመረጃ ቋቱ «አላስገባም» ሲለን፦ ከመደምሰስ በፊት ማንበብ

የዛሬው ትምህርታችን በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ የጫንነው የመረጃ ቋት ሰርቨር ስምና የይለፍ ቃል ሰጥተነው «አላስገባም» ሲለን ምን ማድረግ እንዳለብን ነው።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ውጤት በማይ ኤስኪዩኤል መዝግበን፣ በማግስቱ ልንገባ ብንል እምቢ አለን። «አጥፉትና እንደገና ጫኑት» የሚል ምክር ወዲያው መጣ። ምክሩን ሰምተን የመረጃውን አቃፊ አብረን ብንደመስስ ኖሮ የተማሪዎቹ ማርክ ድራሹ በጠፋ ነበር። ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ሆኖ ተገኘ? የእኛው! ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደተተወ ቀርቶ ኖሮ፣ የይለፍ ቃሉን ስንመታ የሚጻፈው የግዕዝ ፊደል ነበር። የይለፍ ቃል ሲጻፍ በስክሪኑ ላይ አይታይምና አላወቅነውም።

ስለሆነም መጀመሪያ መልእክቱን እናንብብ። ሰርቨሩን ዘበኛ ያለው ግቢ ነው ብንል፣ የስሕተቱ ቁጥር የት ላይ እንደቆምን ይነግረናል።

ሀ. 2002 ወይም 2003፦ በሩ ላይ መልስ የሚሰጥ የለም። ሰርቨሩ አልተነሣም፣ ወይም በሌላ የፖርት ቁጥር ላይ ነው። የተለመደው ፖርት 3306 ነው። መብራት በድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ሰርቨሩ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። እናስነሣው፤ እምቢ ካለም የስሕተት መዝገቡን እናንብብ። እዚህ ላይ የይለፍ ቃል መቀያየር ከንቱ ድካም ነው።

ለ. 1045፦ ዘበኛው አለ፤ ስማችንን ወይም የይለፍ ቃላችንን ግን አልተቀበለም።

ሐ. 1044፦ ማንነታችን ታውቋል፤ የጠየቅነውን ክፍል ለመክፈት ግን ፈቃድ የለንም። ፈቃዱን ዋናው ተጠቃሚ ይሰጣል።

መ. 1049፦ ማንነታችን ታውቋል፤ በጠራነው ስም ግን ክፍል የለም። «ጊምቦ» ብለን የሰየምነውን «ጌምቦ» ብለን እንደመጥራት ያለ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስቸግረው 1045 ስለሆነ፣ የሚከተሉትን በተራ እንመርምር።

1ኛ. ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ላይ ነው? ካፕስ ሎክስ በርቷል? የይለፍ ቃሉን በኖትፓድ ላይ ጽፈን በዓይናችን እንየው፤ ከዚያም ሳናስቀምጥ እናጥፋው።

2ኛ. መልእክቱ መጨረሻ ላይ የይለፍ ቃል መላክ አለመላኩን ይናገራል። «አልተላከም» ካለ፣ ፕሮግራማችን ቃሉን ጨርሶ አልሰጠም ማለት ነው።

3ኛ. ማይ ኤስኪዩኤል ሰውን የሚያውቀው በስሙ ብቻ ሳይሆን ከመጣበት ኮምፒዩተር ጋር ነው። አንድ ስም ከዚሁ ኮምፒዩተር ሲገባና ከሌላ ኮምፒዩተር ሲገባ ሁለት የተለያዩ ተጠቃሚዎች ሊሆን ይችላል።

4ኛ. ሁለት ሰርቨር ጭነናል ወይ? አንዱን ለብቻው፣ ሌላውን ከዛምፕ ጋር የጫነ ሰው ብዙ ነው። ቀድሞ የተነሣው 3306ን ይይዛል። እኛ የአንዱን ቁልፍ ይዘን የሌላውን በር እናንኳኳለን!

የይለፍ ቃሉ በእርግጥ ከተረሳስ? ሰርቨሩ ቃሉን እንዳለ ስለማያስቀምጥ መልሶ ማንበብ አይቻልም፤ መተካት ግን ይቻላል። በቅድሚያ ሰርቨሩን አቁመን የመረጃውን አቃፊ ሌላ ቦታ እንገልብጥ። ቀጥሎ አዲስ የይለፍ ቃል የሚሰጠውን ትእዛዝ በጽሑፍ ፋይል ጽፈን፣ ሰርቨሩ ሲነሣ እንዲያነበው እናድርግ። ከገባን በኋላ ፋይሉን እናጥፋው፤ ቃላችን በግልጽ ተጽፎበታልና።

በአጭሩ፣ ማጥፋትና እንደገና መጫን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ነገ ተማሪ ስናስተምርም ከመፍትሔው በፊት መልእክቱን ማንበብን እናስለምደው።

መልመጃ፦ ቁጥር 1049 ያየ ሰው የይለፍ ቃሉን ቢለውጥ ችግሩ ይፈታለታልን? ለምን?