አሮጌው ቅጂ ከመጥፋቱ በፊት



የጀመዓችን ቤተ መጻሕፍት የውሰት መዝገብ ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ በተጫነ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው። ማን የትኛውን ኪታብ እንደወሰደ፣ መቼ እንደሚመልስ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት አማናው በእኔ እጅ ነበር። ለመጠባበቂያ ብዬ የጻፍኩት ስክሪፕት ሦስት መስመር ነበረው፦ ማሽኑን ወደ አንድ ፋይል አውጣ፣ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ገልብጥ፣ የቀድሞውን ቅጂ አጥፋ። ለወራት ያለ እንከን የሠራ መስሎኝ ነበር። የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ የተበላሸ ዕለት ፍላሹን ስከፍት መሃሉ ላይ የተቆረጠ ፋይል አገኘሁ። ከዶርም ዶርም እየዞርን «ምን ወስደሃል? ምን ወስደሻል?» ስንል ሰነበትን። አብዛኞቹ በራሳቸው አምጥተው መለሱ፣ አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው፤ እስካሁን ያልተገኙ ኪታቦች ግን አሉ።

የሆነው ይህ ነው። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 ነበር። ፋት 32 አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሞላ አይቀበልም። መዝገቡ የተጫነበት ማሽን ቀስ በቀስ ሲያድግ ፋይሉ ያንን ልክ አለፈና መገልበጡ መሃል ላይ ቆመ። ተራ የባሽ ስክሪፕት ደግሞ አንዱ ትዕዛዝ ቢከሽፍም ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። የሚቀጥለው መስመር ደህናውን የቀድሞ ቅጂ የሚያጠፋው ነበር።

ብዙዎቻችን ለላብ ሥራና ለመመረቂያ ፕሮጀክት ቨርቹዋልቦክስ ስለምንጠቀም በእሱ ላሳያችሁ። ትዕዛዞቹን በአነባበባቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። «ቪቦክስማኔጅ ሊስት ቪኤምስ» ያሏችሁን ማሽኖች ይዘረዝራል። «ቪቦክስማኔጅ ኤክስፖርት» ብላችሁ የማሽኑን ስም፣ ከዚያም በ«ሰረዝ ኦ» የሚወጣውን ፋይል ስም ስትሰጡት ኦቪኤ የሚባል አንድ ፋይል ይሠራል። ኦቪኤ በውስጡ የማሽኑን መግለጫና የተጨመቀውን ዲስክ የያዘ የታር ጥቅል ነው። በፋይሉ ስም ላይ «ዴት» በሚለው ትዕዛዝ ቀኑን ጨምሩበት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ከሆነ ፎልደሩ ራሱ ተሰልፎ ይታያችኋል።

«እኔ ስናፕሾት አለኝ» የምትሉ አትጠፉም። ስናፕሾት ማሽኑን ወደ ትናንት ለመመለስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚቀመጠው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ከሥሩ ያለው ዋና ዲስክ ከጠፋም ብቻውን ምንም አይጠቅምም። ኦቪኤ ስታወጡም ስናፕሾቶቹ አብረው አይሄዱም፤ የሚወጣው ማሽኑ አሁን ያለበት ሁኔታ ብቻ ነው።

ስክሪፕቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማሽኑን በማጥፋቱ ላይ ነው። እየሠራ ያለ ማሽን ኤክስፖርት አይደረግም። «ኮንትሮልቪኤም» ብላችሁ ስሙንና «ኤሲፒአይፓወርበተን» ስትጨምሩ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ማጥፊያ እንደ መጫን ነው፤ ትዕዛዙ መልእክቱን አድርሶ ወዲያው ይመለሳል፣ ማሽኑ ግን ገና ዳታቤዙን እየዘጋ ነው። ስለዚህ በሉፕ ውስጥ በየጥቂት ሰከንዱ «ሊስት ራኒንግቪኤምስ» እያላችሁ ስሙ ከዝርዝሩ እስኪወጣ ጠብቁ። ለጥበቃውም ገደብ ይኑረው። አሥር ደቂቃ ካለፈ ስክሪፕቱ ስህተት ጽፎ ይቁም። ቸኩላችሁ «ፓወርኦፍ» አትበሉ፤ እሱ ገመዱን ከግድግዳ እንደ መንቀል ነው።

ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ሴት ሰረዝ ኢ» ጻፉ፤ ትዕዛዝ ሲከሽፍ ስክሪፕቱ እዚያው ይቆማል። ይህ አንድ መስመር ቢኖረኝ ኖሮ የቀድሞው ቅጂ አይጠፋም ነበር። ፋይሉ እንደወጣ በ«ሻ256ሰም» አሻራውን አስቀምጡ፤ ወደ ኤክስተርናል ዲስኩ ከገለበጣችሁ በኋላ በዚያው ትዕዛዝ በ«ሰረዝ ሲ» አመሳክሩት። ከማመሳከራችሁ በፊት ዲስኩን በአግባቡ አውጥታችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ሳይሆን ከራሱ ሚሞሪ አንብቦ «ትክክል ነው» ሊላችሁ ይችላል። አሮጌውን የሚያጠፋው መስመር ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ቢያንስ ሁለት የቀድሞ ቅጂዎችም ይቆዩ። ዲስኩ ፋት 32 ከሆነ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ባዶ አድርጉት።

አሻራው ቢመሳሰልም የሚያረጋግጠው መገልበጡን እንጂ ማሽኑ መነሳቱን አይደለም። እኔ አሁን በወር አንድ ጊዜ ኦቪኤውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ በ«ቪቦክስማኔጅ ኢምፖርት» አስገብቼ፣ ማሽኑን አስነስቼ፣ መዝገቡን እከፍትና የመጨረሻውን ውሰት አያለሁ። የመጨረሻው የተመዘገበ ስም እዚያ ካለ ማሽኑን አጥፍቼ እሰርዘዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ክሮን ላይ አስገብታችሁ ሌሊት እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ላፕቶፑ ከጠፋ ግን ክሮን ያመለጠውን ሰዓት አያካክስም። ለዚህ ነው እኔ ስክሪፕቱን ሐሙስ ማታ በእጄ የማስነሳው።

የፕሮጀክት ማሽን ያላችሁ፣ በተለይ ዘንድሮ ተመራቂዎች፣ ኢንሻአላህ ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለሁ። ላፕቶፕና ባዶ ዲስክ ይዛችሁ ኑ፤ ስክሪፕቱን አብረን እንጽፋለን። ያልተመለሰ ኪታብ እጃችሁ ላይ ካለም እግረ መንገዳችሁን አምጡት።